ከቀለሙ በፊት እዩት

የግጭት ጥገና አንድ አስቸጋሪ ጠባይ አለው፤ የኋለኛው ሥራ የፊተኛውን ይሸፍነዋል። ባትላሜራው ያቃናውን፣ በያጁ ያገናኘውን ስቱኮ ይሸፍነዋል፤ ስቱኮውን ፕራይመር፣ ፕራይመሩን ደግሞ ቀለም። ባለመኪናው የሚጠራው ሁሉም ነገር ከተሸፈነ በኋላ፣ መኪናው ታጥቦና ተወልውሎ በር ላይ ሲቆም ነው። ዙሪያውን ይዞራል፣ በመዳፉ ይዳብሰዋል፣ «እንደ አዲስ ሆኗል» ይባላል፣ ፈርሞ ይወስዳል። ስለ ጥገና ከሚነገሩን ነገሮች ብዙዎቹ የተሳሳቱት ከዚህ የተነሳ ይመስለኛል። የምናየው ቀለሙን ብቻ ስለሆነ የምንፈርደውም በቀለሙ ነው።

«ሻንሲው ካልተነካ ምንም አልሆነም»

ይህ አባባል ለሃይሉክስ፣ ለላንድክሩዘር 70 እና ለጭነት መኪና ይሠራል። እነዚህ ከሥራቸው ራሱን የቻለ ሻንሲ አላቸው፤ ካቢናው በላዩ ላይ በብሎን ታስሮ ይቀመጣል። ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ኮሮላና ዲዛየር ግን እንዲህ ያለ ሻንሲ የላቸውም። ወለሉ፣ የበሮቹ ምሰሶዎች፣ ጣሪያው፣ በሞተሩ ግራና ቀኝ የሚዘልቁት ብረቶች ሁሉ ተበይደው አንድ አካል ሆነዋል፤ ጭነቱን የሚሸከመው ያው አካል ነው። አሠራሩ አዲስ አይደለም፤ የጣሊያኑ ላንቻ ላምብዳ በ1922 እ.ኤ.አ. በዚህ መንገድ ተሠርቷል። ስለዚህ የትንሽ አውቶሞቢል ባለቤት «ሻንሲው ደህና ነው» ሲባል መጠየቅ ያለበት፣ ከፓራውልቱ ጀርባ ተነስተው ወደ ወለሉ የሚሄዱት ሁለቱ ብረቶች ተለክተው እንደሆነ ነው።

ፓራውልቱ ራሱ የሚያሳስት ነገር ነው። ከላይ የምናየው ስስ ፕላስቲክ ስለሆነ ተመትቶ ሊመለስ ይችላል፤ ጭረት ብቻ ያለበት ሊመስልም ይችላል። ከጀርባው ያለው ፎምና አግዳሚ ብረት ግን ተሰብሮ ወይም ተጣሞ ሊሆን ይችላል። ፕላስቲኩ ሳይወርድ የሚጻፍ የዋጋ ግምት ግማሽ ግምት ነው።

«የድሮ መኪና ብረት ነው፣ የአሁኑ ጣሳ ነው»

በ2009 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው የኢንሹራንስ አውራ ጎዳና ደኅንነት ተቋም አንድ የ1959 ሸቭሮሌ ቤል ኤርን ከ2009 ሸቭሮሌ ማሊቡ ጋር ፊት ለፊት አጋጭቶ ነበር። የአሮጌው መኪና የሹፌር ክፍል ተጨፈለቀ፤ በውስጡ የነበረው አሻንጉሊት ሰው ቢሆን ኖሮ አይተርፍም ነበር። የአዲሱ የፊት አካል ተሰባብሮ የሹፌሩ ክፍል ግን ቅርጹን ጠብቆ ቀረ።

አዲሱ መኪና የሚታጠፈው እንዲታጠፍ ስለተሠራ ነው። ቤላ ባሬኒ የተባለው የመርሴዲስ መሐንዲስ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ያሰበው ሐሳብ ይህ ነበር፤ ፊትና ኋላ እየተሰበሰበ የግጭቱን ኃይል ይብላ፣ መሃሉ ጠንክሮ ሰው ያድን። ይህን ስንረዳ ጥገናውን የምናይበት ዓይንም ይለወጣል። አንድ ጊዜ የተኮማተረ ብረት በመዶሻ ተቃንቶ መልኩ ቢመለስ እንኳ በሚቀጥለው ግጭት እንደ መጀመሪያው አይታጠፍም። ወይ ቀድሞ ይሰበራል፣ ወይ ጭራሽ ሳይታጠፍ ኃይሉን ወደ ሹፌሩ ጉልበትና ደረት ያሳልፈዋል። «እናጠናክርልህ» ብሎ ተጨማሪ ብረት የሚበይድ ባለሙያ ደግ ሐሳብ ይኖረው ይሆናል፤ የሚያጠፋው ግን መኪናው ለሰው ሲል የተዘጋጀበትን ነገር ነው።

«እሳት ካገኘ ይታዘዛል»

ለቀድሞው ተራ ላሜራ ልክ ነው። የዛሬው መኪና ግን ከአንድ ዓይነት ብረት አልተሠራም። ተራው የቦዲ ብረት ለመበጠስ ወደ 300 ሜጋ ፓስካል የሚጠጋ ኃይል ሲፈልግ፣ በብዙ አዳዲስ መኪኖች የመሃል ምሰሶ ውስጥ የሚገባው የቦሮን ብረት 1500 ገደማ ይደርሳል። ይህን ጥንካሬ ያገኘው ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሞቆ፣ በቅርጽ ማውጫው ውስጥ በድንገት እንዲቀዘቅዝ ተደርጎ ነው። ጋራዥ ውስጥ በካርባይድ ነበልባል ቀልቶ በራሱ ጊዜ ሲቀዘቅዝ ያ ጥንካሬ ይጠፋል። መልኩ አይለወጥም። ከቀለም በኋላ የትኛውም ዓይን አይለየውም። ልዩነቱ የሚታየው መኪናው ከጎን ሲመታ ብቻ ነው፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ ከምሰሶው አጠገብ የተቀመጠ ሰው አለ። እንዲህ ያለ ብረት አይጋልም፣ አይቃናም። የመኪናው አምራች በሚፈቅደው መገጣጠሚያ ላይ ተቆርጦ ይቀየራል።

የቀረውን አካል ደግሞ በቀዝቃዛው፣ መኪናውን አንቆ በሚይዝ መሳቢያ ላይ ማቃናት ይሻላል። ዋናው ቃል ልኬት ነው። በሞተሩ ክፍልና በወለሉ ላይ ግራና ቀኝ ተመሳሳይ የሆኑ ቀዳዳዎች አሉ፤ ከፊት ግራ እስከ ኋላ ቀኝ፣ ከፊት ቀኝ እስከ ኋላ ግራ ሲለኩ ሁለቱ ሰያፎች ሊቀራረቡ ይገባል። የሚፈቀደው ልዩነት በሚሊ ሜትር የሚቆጠር ነው። ጥሩ ባለሙያ ይህን ሲጠየቅ አይቆጣም፤ ሜትሩን አውጥቶ ያሳያል።

«ስቱኮ የነካው መኪና ተበላሽቷል»

አይደለም። ከመዶሻ በኋላ የሚቀረውን ትንሽ ጉድጓድ ለመሙላት ስቱኮ በዓለም ሁሉ የሚሠራበት ነው፤ ተፈግፍጎ ካለቀ በኋላ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ቢቀር አያስፈራም። የሚያስፈራው የአንድ ጣት ውፍረት ያለው ስቱኮ ነው፤ መዶሻው መሥራት የነበረበትን ሥራ እሱ ሠርቷል ማለት ነውና። ወፍራም ስቱኮ በፀሐይና በብርድ፣ በኮብልስቶን ንዝረት ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ ውሃ ገብቶ ዝገቱ ከውስጥ ይጀምራል። ለመለየት ትንሽ ማግኔት በቀጭን ጨርቅ ጠቅልላችሁ ያልተመታውን በር ንኩበት፤ ከዚያ የተሠራውን። አያያዙ ከላላ ወይም ማግኔቱ ከወደቀ ጠይቁ። ፕላስቲክና አልሙኒየም ላይ ይህ ዘዴ እንደማይሠራ አትርሱ። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ደግሞ የቀለም ውፍረት መለኪያ ይዋስ፤ የፋብሪካ ቀለም በአብዛኛው ከ100 እስከ 180 ማይክሮን ባለው ውስጥ ነው። መለኪያው 600 ወይም 1000 ካለ እዚያ ቦታ ታሪክ አለ።

«ኮዱ ካለ ቀለሙ ይመሳሰላል»

ቶዮታ ከሆነ ኮዱ ከሻንሲ ቁጥሩ ጋር በሰሌዳው ላይ ተጽፏል፤ 040 ነጭ፣ 202 ጥቁር፣ 1ኤፍ7 ብርማ። ኮዱ ግን መኪናው ከፋብሪካ የወጣ ዕለት የነበረውን ቀለም ነው የሚናገረው። ከዚያ ወዲህ ዓመታት አልፈዋል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነች ፀሐይዋ ቀለምን ትበላለች። ስለዚህ አዋቂ ቀለም ቀቢ በኮዱ ይጀምራል፣ በቁራጭ ላሜራ ላይ ሞክሮ በቀን ብርሃን ያስተያያል፣ ከዚያ አዲሱን ቀለም ወደ ጎረቤቱ በር ቀስ በቀስ እያሳሳ ያስገባዋል። ብርማና ዕንቁ ነጭ ከሁሉም ያስቸግራሉ። ዕንቁ ነጩ 070 ሦስት ንብርብር ነው፤ የሥር ነጭ፣ ዕንቁው፣ ከላይ ደግሞ ቫርኒሹ። «ያልተመታውን በር ለምን ቀባችሁት?» ብለው የሚቆጡ ባለመኪኖች አሉ፤ ብዙ ጊዜ ያ የጥሩ ሥራ ምልክት ነው።

«የኤርባጉ መብራት ጠፍቷል፣ ተሠርቷል ማለት ነው»

ይህን ጠንከር አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ ሰው የሚሞትበት ነውና። ቁልፉ ሲከፈት የኤርባጉ ምልክት ለጥቂት ሰከንድ በርቶ መጥፋት አለበት። ጨርሶ ካልበራ አምፖሉ ተነቅሏል ወይም ሽቦው ከሌላ መብራት ጋር ተገናኝቷል ብላችሁ ጠርጥሩ። መብራቱን የሚያታልል ትንሽ ሬዚስተር ተገጥሞ፣ የመሪው ሽፋን ባዶ ሆኖ የሚሸጥ መኪናም አለ። በግጭቱ ጊዜ የሠራ የመቀመጫ ቀበቶም ብዙውን ጊዜ ከኤርባጉ ጋር አብሮ መቀየር አለበት፤ ቀበቶውን ወደ ኋላ የሚስበው መሣሪያ አንድ ጊዜ ከተኮሰ ዳግም አይተኩስም። ማረጋገጫው በኮምፒውተር ስካን ተደርጎ የሚወጣው ውጤት ነው፤ በወረቀት ጠይቁት።

የፊት መስታወቱም ከዚሁ ጉዳይ ይቆጠራል። የሚለጠፈው በፖሊዩሪቴን ማጣበቂያ ነው፤ በብዙ መኪኖች የተሳፋሪው ኤርባግ ሲከፈት መስታወቱን ተደግፎ ነው ወደ ሰው የሚዞረው። ማጣበቂያው ሳይደርቅ «ቶሎ እፈልገዋለሁ» ብሎ መኪናውን ማውጣት ይህን ድጋፍ ማሳጣት ነው።

«ከሶማሌ ተራ የመጣ ዕቃ አይታመንም»

በዚህ ላይ ብዙ ሰው ከእኔ ጋር አይስማማ ይሆናል። ከመርካቶ ሶማሌ ተራ የተገዛ፣ ከሌላ መኪና የተፈታ ኦሪጅናል ፓራፋንጎ ወይም ኮፈን ካልተጣመመና ካልዛገ፣ አዲስ ከተባለ ኮፒ ዕቃ በተሻለ ይገጥማል። በኮፒው የበሩና የፓራፋንጎው ክፍተት አንዱ ጋ ጠቦ ሌላው ጋ ይሰፋል፤ ባትላሜራው ለማስገጠም ይቆርጠዋል፣ ይበይደዋል። ያገለገለ መሆን የለበትም የምለው ኤርባግ፣ ቀበቶና የመሪ ዘንግ ነው። በብሎን የሚታሰር የውጭ ላሜራ ሌላ ጉዳይ ነው።

«ኢንሹራንስ አለኝ፣ ጥራቱን እነሱ ያዩታል»

በመጀመሪያ የትኛው ኢንሹራንስ? በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን ሌላው ሰው ላይ ያደረሳችሁትን ጉዳት እንጂ የእናንተን መኪና አያስጠግንም። ሙሉ መድን ያለው ሰውም ሁለተኛ ወጥመድ አለበት። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የመኪናና የመለዋወጫ ዋጋ ንሯል፤ የመድን ውሉ ላይ ያለው የመኪና ዋጋ ግን የብዙ ሰው አሮጌ ነው። የዛሬ ዋጋው 2 ሚሊዮን ብር የሆነ መኪና በ1 ሚሊዮን መድን ተገብቶለት ከተመታና ውሉ የጎደለ ዋጋ ቅነሳ ካለው፣ ለ400 ሺህ ብር ጉዳት የሚታሰበው 200 ሺህ ነው፤ ከዚያም የባለመኪናው ድርሻ ይቀነሳል። ውሉን ስታድሱ ዋጋውን አስተካክሉ።

ጥራትን በተመለከተ፣ ሥራው በፕሮፎርማ ሲወዳደር ዝቅተኛው ዋጋ የማሸነፍ ዕድሉ ሰፊ ነው። ዝቅተኛው ዋጋ መጥፎ ሥራ ነው አልልም፤ በዝርዝሩ ውስጥ ያልተጻፈ ሥራ ግን አይሠራም። ሲፈታ አዲስ ጉዳት ከተገኘ ጋራዡ ሥራውን አቁሞ የኢንሹራንሱን ገማች ሊጠራ ይገባል። አንዴ ከተበየደና ከተቀባ ያን ጉዳት የሚያይለት የለም።

«ቦሎ አልፏል»፣ «ኮንቨርጀንሳ ተሠርቷል»

ዓመታዊው ምርመራ ፍሬን፣ መብራት፣ ጭስና የመሳሰሉትን ያያል፤ ቀለም ልጦ ብየዳ አይመረምርም። ኮንቨርጀንሳም ጎማዎቹን ወደ ትክክለኛ አቅጣጫ ያስተካክላል እንጂ የተጣመመ አካልን አያቃናም። ከሥራው በፊትና በኋላ ያለው ውጤት ታትሞ ይሰጣችሁ። የግራውና የቀኙ ጎማ ዝንባሌ ሰፊ ልዩነት ካሳየ መኪናው ገና አልተጠገነም።

«ኤሌክትሪክ መኪና ሞተር ስለሌለው ጥገናው ቀላል ነው»

ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለችበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ኤሌክትሪክ መኪኖች ወደየሰፈሩ ጋራዥ እየመጡ ነው። ከነዳጅ መኪና የሚለዩት ባትሪያቸው በወለሉ ሥር መሆኑ ነው፤ ጎማ ብቻ የመታ የሚመስል ግጭት የባትሪውን ሳጥን ሊነካ ይችላል። ብርቱካናማ ሽቦ ከፍተኛ ኃይል ያለበት ነው፤ ሥልጠና የሌለው ሰው አይነካውም፣ ብየዳም መኪናው ከኃይሉ ሳይነጠል አይጀመርም። የተጎዳ የሊትየም ባትሪ ከሰዓታት፣ አንዳንዴም ከቀናት በኋላ ሊቃጠል ስለሚችል፣ መኪናው ከሌሎች ርቆ ሜዳ ላይ ይቁም። ቀለም በፎርኖ ሲደርቅም አምራቹ የፈቀደው ሙቀትና ጊዜ መጠየቅ አለበት።

ታዲያ ባለመኪናው መቼ ይሂድ? ላሜራው ተቃንቶ፣ ብየዳው አልቆ፣ ስቱኮ ሳይነካው። ለጋራዡ ኃላፊ ከመጀመሪያው ቀን «ስቱኮ ከመደረጉ በፊት ደውሉልኝ» ብላችሁ ተናገሩ፤ በሥራ ውሉ ላይም ይጻፍ። ያን ቀን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፣ የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ እዩ፤ ኢንሹራንስ የከፈለበት ከሆነ ዕቃው የእነሱ ስለሆነ ፎቶው ይበቃችኋል። በሮቹን ክፈቱ፣ ዝጉ። ክፍተቶቹን በጣታችሁ ለኩ። በመረከቢያው ቀን ደግሞ ከመፈረማችሁ በፊት በቀን ብርሃን ንዱት፣ በቀጥታ መንገድ ላይ መሪውን ላላ አድርጋችሁ ወዴት እንደሚስብ ተመልከቱ፣ ከዚያም ከውጭ ውሃ አስፈስሳችሁ በጎማው ዙሪያና በኋላው የዕቃ መጫኛ ምንጣፍ ሥር የሚገባበት ካለ እዩ።