አካውንት እንዴት ይሰረቃል? ለማንስ ይነገራል?

መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ግቢዎች አሉት። እንደ ሌሎቹ የአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ፣ ተማሪዎቹ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተናን የሚወስዱት በኮምፒዩተር ነው፤ የሚገቡትም በተሰጣቸው የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ነው። በእነዚህ በሁለቱ ለአንድ ሰው ብቻ የሚከፈተው መግቢያ አካውንት ይባላል።

ኮምፒዩተር ሰው አይለይም፤ ትክክለኛውን ቃል የጻፈለትን ሁሉ ባለቤት ነው ብሎ ያስገባል። ስለዚህ አብዛኛው ስርቆት ብዙ ጥበብ አይጠይቅም። ኢንተርኔት ቤት ገብቶ ውጤቱን ያየ ተማሪ፣ «የይለፍ ቃሉ ይቀመጥ?» ለሚለው ጥያቄ ሳያነብ እሺ ብሎ፣ ሎግ አውትም ሳያደርግ ከተነሳ፣ ቀጥሎ እዚያ ወንበር ላይ ለሚቀመጠው ሰው በሩ ክፍት ነው። ሌላው መንገድ ማጥመድ ነው። በቴሌግራም፣ ብዙ ጊዜም ቀድሞ ከተጠለፈ የጓደኛ አካውንት፣ ሊንክ ይመጣል። ሲነኩት የሚከፈተው ገጽ የዩኒቨርሲቲውን ይመስላል፤ እዚያ የተጻፈው ቃል ግን አጥማጁ እጅ ይገባል። ያው ቃል ለኢሜይልም የሚያገለግል ከሆነ ኢሜይሉም አብሮ ሄደ ማለት ነው።

ይህን የሚያከሽፈው ሁለተኛ ማረጋገጫ ነው፤ ከይለፍ ቃሉ ሌላ ወደ ባለቤቱ ስልክ የሚላክ ኮድ። ቃሉን የያዘ ሌባ ያለ ኮዱ አይገባም። «በስህተት አንተ ጋ የደረሰ ኮድ አለ፣ ላክልኝ» የሚለው መልእክት የሚመጣውም ለዚሁ ነው።

አካውንት ከተሰረቀ በኋላ የይለፍ ቃል መቀየር ብቻውን አይበቃም። ሌባው በገባበት መሣሪያ ላይ አካውንቱ ክፍት ሆኖ ሊቆይ ይችላል፤ የሚመጣው ኢሜይል ሁሉ ግልባጩ ለእሱ እንዲደርስ አዝዞም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቃሉን ከሌላ መሣሪያ ቀይሮ፣ ከሁሉም መሣሪያዎች መውጣትና የማስተላለፊያ ትእዛዞችን ማየት ያስፈልጋል። አጠራጣሪው መልእክት አይጥፋ፤ የላኪው አድራሻና ሰዓቱ ያሉት እዚያ ላይ ነው።

ቀጥሎ የሚነገረው ለዩኒቨርሲቲው አይሲቲ ክፍል ነው። ባለሙያው አካውንቱን ይዘጋል፤ ሰርቨሩ ከሚይዘው የመግቢያ መዝገብም፣ ሌባው ከገባበት አድራሻ ወደ ሌላ የማን አካውንት እንደተገባ ሊያይ ይችላል። አንድ ተማሪ ቶሎ ሲናገር የብዙዎች ጉዳት የሚቀንሰው በዚህ ነው። በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት መግባት እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት፣ ወይም ከ30,000 እስከ 50,000 ብር መቀጮ፣ ወይም ሁለቱንም ያስቀጣል። በሚያስተዳድሩት ሥርዓት ላይ ወንጀል መፈጸሙን ያወቁ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ወዲያው ለኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደርና ለፖሊስ የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው።

ሕጉ ይህን ያህል ግልጽ ሆኖ ጥቆማ የሚዘገየው፣ እንደሚመስለኝ፣ በእፍረት ነው፤ ሊንኩን የነካ ሰው «ሞኝ» መባልን ይፈራል። መጀመሪያ የጠቆመውን ተማሪ የሚገሥጽ ቢሮ ሁለተኛ ጠቋሚ አያገኝም። ለመረብ ደህንነት አስተዳደሩ በቀጥታ ማሳወቅ የፈለገ በ933 ይደውላል፤ ለዚያ ደግሞ ኢንተርኔት አያስፈልግም።