በጎግል ቤት የመናገር ድንበር የሚያሰምረው ማን ነው?

ጎግል ጄምስ ዳሞር የተባለውን የሶፍትዌር መሐንዲሱን ያሰናበተው ኦገስት 7 ቀን 2017 ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሰበቡ ለሥራ ባልደረቦቹ ያሰራጨው ዐሥር ገጽ ያህል ጽሑፍ ነው። ዳሞር ኩባንያው ሴቶችን ለመቅጠርና ለማቆየት የዘረጋቸውን ፕሮግራሞች ተችቷል። በቴክኖሎጂ ሙያ ሴቶች ያነሱት በአድልዎ ብቻ አይደለም፤ ወንዶችና ሴቶች በአማካይ በዝንባሌና በጠባይ ይለያያሉ፣ የልዩነቱም ከፊል ምንጭ ተፈጥሮ ነው ሲል ጻፈ። ከኩባንያው የፖለቲካ ዝንባሌ የተለየ አመለካከት ያላቸው ሠራተኞች አፋቸውን ለመክፈት እንደሚፈሩም ጨመረበት። ጽሑፉ ሾልኮ ወጥቶ ለሕዝብ በታተመ በሦስተኛው ቀን ዳሞር ከሥራው ውጪ ሆነ።

ክርክሩ ወዲያው ሁለት ጎራ ለየ። አንዱ ወገን ሰውየው ሐሳቡን በመግለጹ ተቀጣ አለ። ሌላው ሴት ባልደረቦቹን ዝቅ አድርጓልና ይገባዋል አለ። ነገር ግን ሁለቱም ወገኖች ተለያይተው መታየት ያለባቸውን ሦስት ጥያቄዎች በአንድነት ይመልሱ ነበር። የጻፈው ነገር ትክክል ነው? መጻፍ መብቱ ነበር? ድንበሩን የሚያሰምረውስ ማን ነው? እስከ ዛሬ በቂ ትኩረት ያላገኘው ሦስተኛው ጥያቄ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ለሴቶች መብት ለሚቆረቆር ሰው ደግሞ ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ጽሑፉ ይዘት። ዳሞር በአማካይ ስለሚታዩ የጠባይ ልዩነቶች የጠቀሳቸው ጥናቶች በሥነ ልቦና ምርምር ውስጥ የሚታወቁ ናቸው፤ ከአየር ላይ የፈጠራቸው አይደሉም። ችግሩ ከእነሱ ተነሥቶ የደረሰበት ድምዳሜ ነው። በአሜሪካ ኮሌጆች በኮምፒዩተር ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ከሚያገኙት ውስጥ የሴቶች ድርሻ በ1980ዎቹ አጋማሽ 37 በመቶ ገደማ ደርሶ ነበር። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ወደ 18 በመቶ ገደማ ወረደ። በሕክምናና በሕግ ትምህርት ግን የሴቶች ቁጥር በዚያው ዘመን አድጓል። በሠላሳ ዓመት ውስጥ የሰው ልጅ ተፈጥሮ አይለወጥም። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው፤ የቤት ኮምፒዩተር ለወንድ ልጆች መጫወቻ ተብሎ መሸጥ ጀመረ፣ በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ትምህርቶችም ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲነካኩት ያደጉትን ታሳቢ አድርገው ይሰጡ ጀመር።

ይህን በተግባር ያሳየ ተቋም አለ። በፒትስበርግ በሚገኘው ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ በ1995 ወደ ኮምፒዩተር ሳይንስ ትምህርት ቤቱ ከሚገቡት አዲስ ተማሪዎች ውስጥ ሴቶች 7 በመቶ ብቻ ነበሩ። ተመራማሪዎቹ ጄን ማርጎሊስና አለን ፊሸር ተማሪዎቹን ለዓመታት እያነጋገሩ አጠኑ። ብዙ ሴቶች የሚሸሹት ትምህርቱ ስለከበዳቸው ሳይሆን የእነሱ ቦታ እንዳልሆነ በየዕለቱ ስለሚነገራቸው መሆኑን ደረሱበት። ዩኒቨርሲቲው በመግቢያ መስፈርቱ ላይ የቀድሞ የፕሮግራሚንግ ልምድ የነበረውን ክብደት ቀነሰ፤ ለጀማሪዎችም የተለየ መግቢያ አዘጋጀ። በ2000 የሴቶች ድርሻ 42 በመቶ ሆነ። አምስት ዓመት ነው የፈጀው። ዳሞር ልዩነቱ ከፊሉ የተፈጥሮ ነውና ኩባንያው ለሴቶች ብቻ የተለዩ ፕሮግራሞችን ቢተው ይሻላል ወደሚል ምክር ሲሄድ ይህን የመሰለ ማስረጃ ወደ ጎን ትቶ ነው።

በጽሑፉ የተጎዱት ሴቶች ስሜታዊ ሆኑ መባላቸውም ተገቢ አይደለም። በዚያን ጊዜ ከጎግል የቴክኒክ ሠራተኞች ሴቶች 20 በመቶ ነበሩ፤ የሠራተኛ ዕድገት ደግሞ በአብዛኛው በባልደረቦች ምዘና ላይ ይመሠረት ነበር። የሴቶች ዝንባሌ በአማካይ ለዚህ ሥራ ያነሰ ነው ብሎ የጻፈ ሰው ነገ የሴት ባልደረባውን ሥራ ሊመዝን ይቀመጣል። ይህ ጭንቀት ተጨባጭ ነው፤ የደመወዝና የማዕረግ ጉዳይ ነው።

ወደ ሕጉ እንሂድ። ብዙ ሰው፣ አሜሪካ የሚኖረውም ጭምር፣ የሕገ መንግሥቱ የመጀመሪያ ማሻሻያ በሥራ ቦታም የሚሠራ ይመስለዋል። ማሻሻያው የሚከለክለው መንግሥትን ነው፤ የግል ኩባንያን አይመለከትም። በዚያ ላይ አብዛኛው የአሜሪካ የሥራ ውል አሠሪው ምክንያት ሳያቀርብ ሠራተኛውን እንዲያሰናብት ይፈቅዳል። የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (የአዋጁ ዓመት ብቻ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ለስንብት ሕጋዊ ምክንያት ስለሚጠይቅ፣ አገር ቤት ሠርቶ ለሄደ ሰው ይህ አስደንጋጭ ሊሆን ይችላል።

ለአሜሪካ ሠራተኛ የተተወለት መጠለያ ጠባብ ነው። ዋነኛው በ1935 የወጣው የሠራተኛ ግንኙነት ሕግ ሲሆን ሠራተኞች ስለ ደመወዛቸውና ስለ ሥራ ሁኔታቸው በጋራ እንዲነጋገሩና አቤት እንዲሉ ይፈቅዳል። ማኅበር ባይኖራቸውም ሕጉ ይጠብቃቸዋል። ዳሞር አቤቱታውን ያቀረበው በዚህ ሕግ መሠረት ነበር። ሕጉን የሚያስፈጽመው የሠራተኛ ግንኙነት ቦርድ የሕግ ባለሙያ በጃንዋሪ 2018 በሰጠችው አስተያየት የጽሑፉ አብዛኛው ክፍል ጥበቃ ሊያገኝ እንደሚችል፣ ስለ ፆታዎች የተፈጥሮ ልዩነት የጻፈው ግን አድሏዊና ጎጂ ስለሆነ ጥበቃ እንደማይገባው አስቀመጠች። ጎግል ያሰናበተው በዚህኛው ክፍል ብቻ መሆኑን ስላስረዳ ስንብቱ ሕጋዊ ተባለ። ዳሞር አቤቱታውን አነሣ። በፍርድ ቤት የከፈተው ሌላ ክስም በ2020 በስምምነት ተዘጋ።

እስከዚህ ድረስ ኩባንያው ለሴቶች የቆመ ይመስላል። ነገር ግን በዚያው በ2017 ጎግል ከአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴር ጋር ይሟገት ነበር። ሚኒስቴሩ የደመወዝ መረጃ እንዲሰጠው በጃንዋሪ ክስ መሥርቶ ነበር፤ ጎግል ጥያቄው ከመጠን ያለፈ ነው ብሎ ተከራከረ፣ ዳኛውም በከፊል ተቀበለለት። ለዳሞር ሊሰጠው ይችል የነበረው ጠንካራ መልስ እኮ ይኸው መረጃ ነበር፤ እኩል ሥራ ለሚሠሩ ሴቶችና ወንዶች ምን ያህል እንከፍላለን የሚለው። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ የቀድሞ ሴት ሠራተኞች በደመወዝ ልዩነት ክስ መሠረቱ። በ2022 ጎግል ጥፋተኝነቱን ሳያምን፣ በካሊፎርኒያ ለሠሩ 15,500 ያህል ሴቶች 118 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ከዳሞር ስንብት ይህች ክስ ለሴቶች የበለጠ አስገኝታለች።

ድንበር አስማሪው በአንድ ወገን ላይ ብቻ የሚበረታ አለመሆኑም ብዙ ሳይቆይ ታየ። ዳሞር በተሰናበተ በጥቂት ወራት ውስጥ የእሱን አመለካከት በውስጥ መድረኮች አጥብቆ ይቃወም የነበረ ሌላ መሐንዲስ ከሥራ ወጣ፤ ስለ አድልዎ በመናገሬ ተባረርኩ ብሎም ከሰሰ። በ2018 ኦክቶበር ኒው ዮርክ ታይምስ አንድ የጎግል ከፍተኛ ኃላፊ የጾታ ጥቃት ክስ ቀርቦበትና ክሱ ተአማኒ ሆኖ ተገኝቶ ሳለ 90 ሚሊዮን ዶላር ተሰጥቶት መሸኘቱን ጻፈ፤ ኃላፊው ክሱን አስተባብሏል። ኖቬምበር 1 ቀን 20 ሺህ ያህል የጎግል ሠራተኞች በዓለም ዙሪያ ሥራ አቁመው ወጡ። በሳምንቱ ኩባንያው የጾታ ትንኮሳ አቤቱታዎች ፍርድ ቤት እንዳይደርሱ ያደርግ የነበረውን የግዴታ የግልግል ዳኝነት አነሣ። ሆኖም ሰልፉን ካስተባበሩት ሴቶች ሁለቱ የበቀል እርምጃ ተወስዶብናል አሉ፤ ኩባንያው ቢያስተባብልም ሁለቱም በ2019 ለቀቁ።

ከዚያ የትምኒት ገብሩ ጉዳይ መጣ። ትምኒት አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች፣ በጉርምስናዋ በስደት አሜሪካ ገብታ ስታንፎርድ ዶክትሬቷን የሠራች ናት። በ2018 ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር ያሳተመችው ጥናት፣ የፊት ምስል እያዩ ፆታ የሚለዩ ሶፍትዌሮች ቆዳቸው ጠቆር ባለ ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ሲሳሳቱ ቆዳቸው ፈካ ባለ ወንዶች ላይ ስሕተታቸው ከ0.8 በመቶ አለመብለጡን አሳየ። በጎግል የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥነ ምግባር ቡድንን ከማርጋሬት ሚቸል ጋር ትመራ ነበር። በ2020 መጨረሻ የትልልቅ የቋንቋ ሞዴሎችን አደጋ የሚያነሣ ጥናት ከሌሎች ጋር ጻፈች፤ አለቆቿ ጥናቱን እንድታነሣ ወይም የጎግል ሠራተኞችን ስም እንድታወጣ ጠየቁ። ምክንያቱ እንዲነገራት ጠየቀች፣ ካልተሟሉ ሥራዋን የምትለቅበትን ቀን እንደምትነጋገር ገልጻም ቅድመ ሁኔታዎች አስቀመጠች። በመሐሉ ለሴት ባልደረቦቿና ለአጋሮቻቸው ደብዳቤ ጻፈች፤ ስለ ብዝኃነት ሰነድ መጻፍ አቁሙ፣ የሚለወጥ ነገር የለም የሚል። ኩባንያው መልቀቂያዋን ተቀብያለሁ አለ፤ እሷ ተባረርኩ አለች። ኩባንያው ወዲያው ለመሸኘቷ ምክንያት አድርጎ የጠቀሰው ያንን ደብዳቤ ነበር፤ ከአንድ የጎግል ኃላፊ የሚጠበቅ አይደለም በማለት። ሚቸልም በፌብሩዋሪ 2021 ተሰናበተች።

ዳሞርና ትምኒት በሐሳብ እጅግ የተራራቁ ናቸው። እሱ ኩባንያው ለሴቶች ከመጠን በላይ ይሠራል አለ፤ እሷ የሚሠራው የይስሙላ ነው አለች። ሁለቱንም በእኩል ሚዛን አላስቀምጥም፤ የእሷ በምርምርና በኖረችው የተደገፈ ነው፣ የእሱ ድምዳሜ ግን ከማስረጃው ያለፈ ነው። የወሰነባቸው እጅ ግን አንድ ነው፤ የተጠቀመበትም ሥልጣን አንድ ነው። ኩባንያው በ2017 ዝናውን ከሚጎዳ ጽሑፍ ራሱን ጠበቀ፤ በ2020ም ያደረገው ያንኑ ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ፍላጎቱ ከሴቶቹ ጥቅም ጋር ገጠመ፤ በሁለተኛው አልገጠመም።

ስለዚህ የሴቶችን እኩልነት የሚፈልግ ሰው ተስፋውን በአሠሪው የሥነ ምግባር ደንብ ላይ መጣል የለበትም። በዚህ ኢንዱስትሪ ሴቶችን በእርግጥ የጠቀማቸው ስለ በደል መናገርን በሕግ የጠበቀ ነገር ነው። ቀደም ሲል በፒንተረስት ኩባንያ ትሠራ የነበረችው ኢፌኦማ ኦዞማ የታገለችለትና ካሊፎርኒያ በ2021 ያጸደቀችው ሕግ፣ ትንኮሳ ወይም አድልዎ የደረሰባቸው ሠራተኞች በሚስጥር ውል አፋቸው እንዳይዘጋ ይከለክላል። በአሜሪካ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች የምትሠሩ አንባቢዎች ይህንንና የ1935ቱን ሕግ እወቋቸው፤ ስለ ደመወዛችሁ መነጋገር መብታችሁ ነው፣ አቤቱታም ብቻችሁን ሳይሆን ከባልደረቦቻችሁ ጋር ስታቀርቡ ጥበቃው ይጸናል።

በፌብሩዋሪ 2025 ጎግል የሠራተኞቹን ብዝኃነት ለማሳደግ ያስቀመጣቸውን የቅጥር ግቦች እንደተወ ለሠራተኞቹ አሳወቀ። ይህን ለማድረግ የማንንም ፈቃድ መጠየቅ አላስፈለገውም። የካሊፎርኒያውን ሕግ ግን አንድ ኩባንያ ብቻውን ሊሽረው አይችልም።