ከፕሪምየር ሊግ በታች ያለው የውድድር ዓመት

ሲዳማ ፍቼ ጫምባላላን በሐዋሳ ጉዱማሌ በአደባባይ ሲያከብር የአዲሱን ዓመት መግቢያ የሚወስኑት የከዋክብትን አካሄድ የሚከታተሉት አያንቶዎች ናቸው፤ የእግር ኳሱ ዓመት ግን በፌዴሬሽን መርሐ ግብር የሚታወጅ ሲሆን ርዝመቱም እንደ ክለቡ እርከን ይለያያል።

የኢትዮጵያ ክለቦች እርከን ቁንጮ በ1990 ዓ.ም. የተጀመረውና ሐዋሳ ከተማ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. ዋንጫውን ያነሣበት ፕሪምየር ሊግ ነው። ከሥሩ ከፍተኛ ሊግና አንደኛ ሊግ ይከተላሉ፤ የክልል ክለቦች ሻምፒዮና የሚባለው ውድድር ደግሞ ወደ እነዚህ ሊጎች መግቢያ በር ነው። ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ክልል ሲሆን ቀድሞ ከደቡብ ክልል ጋር የነበረው የእግር ኳስ አስተዳደሩም ለብቻው ወጥቷል።

በክልል ክለቦች ሻምፒዮና ክልሎች ተወካዮቻቸውን ከለዩ በኋላ ክለቦቹ በአንድ ከተማ ይሰባሰባሉ፤ በዕጣ በየምድቡ ተደልድለውም ይጫወታሉ። ከምድቡ ያለፉት የተሸነፈ ወዲያው በሚሰናበትበት ጥሎ ማለፍ ይገናኛሉ። ነጥባቸው እኩል የሆነ ክለቦች በግብ ክፍያ፣ ማለትም ካስቆጠሩት ጎል የተቆጠረባቸው ተቀንሶ በሚገኘው ልዩነት፣ ይበላለጣሉ።

በአንጻሩ በእንግሊዝ ከፕሪምየር ሊጉና ከእርሱ ቀጥለው ካሉት ሦስት ዲቪዥኖች 92 ክለቦች ውጪ ያሉት፣ ለምሳሌ በ1905 እ.ኤ.አ. በተመሠረተው የኢስሚያን ሊግ የሚጫወቱት፣ ዝቅተኛ እርከን ላይ ቢሆኑም ከነሐሴ አንሥቶ እስከ ሚያዝያ ድረስ በደርሶ መልስ፣ አንዴ በሜዳቸው አንዴም ከሜዳቸው ውጪ፣ ይጋጠማሉ።

የሁለቱን ሥርዓት ልዩነት ስሌት ያሳያል። 22 ክለቦች ባሉበት የደርሶ መልስ ሊግ አንድ ክለብ 42 ጊዜ ስለሚጫወትና ሊያገኝ የሚችለው ነጥብ 126 ስለሚሆን፣ በአንድ ሽንፈት የሚጥለው 3 ነጥብ ከጠቅላላው ከመቶ ሦስት አይሞላም። አምስት ክለቦች አንድ ጊዜ ብቻ በሚገናኙበት ምድብ ግን ጨዋታው 4፣ ነጥቡም 12 ነውና ያው ሽንፈት ሩቡን ይወስዳል፤ ቡድኑን ያዳከመ ጉዳት ወይም የአንድ ቀን ድካም የዓመት ልፋትን ያስቀራል ማለት ነው።

አሰባስቦ ማወዳደሩ የጉዞና የሜዳ ወጪን ቢቀንስም የክለቦችን ትክክለኛ አቅም ለመለካት ጊዜ አይሰጥም። ስለዚህ የክልል ሻምፒዮናን ሠንጠረዥ የሚያነብ ሰው ከነጥቡ በፊት የጨዋታውን ብዛት ቢመለከት ይበጀዋል።