«ይቁም!» የሚባልበት ቴአትር

«ቴአትር እሠራለሁ» ስል ብዙዎቻችሁ የሚታያችሁ መጋረጃ፣ መብራትና ትኬት ነው። እኛ ጋ ሦስቱም የሉም። እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩ ልጆች ተከራይተው በሚኖሩበት ሰፈር፣ አንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ደርድረን እንሠራለን። በአማርኛም በኦሮምኛም ነው፤ ሰፈሩ እንደሚያወራው።

ለመሆኑ የማኅበረሰብ ቴአትር ከሌላው በምን ይለያል? አንደኛ፣ ታሪኩ የሚሰበሰበው ከተመልካቹ ነው። ሁለተኛ፣ ተዋንያኑ የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። ሦስተኛ፣ እኛ የምንሠራው «ፎረም ቴአትር» የሚባለውን ስለሆነ ታሪኩ መፍትሔ ላይ አይደርስም። ስልቱን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያዳበረው ብራዚላዊው አውጉስቶ ቦአል ነው። በሀገራችንም ከጎዳና የመጡ ወጣቶች የሠለጠኑበት የአዲስ አበባው አዱኛ የማኅበረሰብ ዳንስ ቴአትር ሠርቶበታል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ችግሩ እስከ መጨረሻው ይታያል። ከዚያ እንደገና ይጀመራል። በሁለተኛው ዙር ማንኛውም ተመልካች «ይቁም!» ብሎ ማስቆምና በተበደለው ሰው ቦታ ገብቶ መሞከር ይችላል። ሌሎቹ ተዋንያን ግን በቀላሉ አይሸነፉለትም። በመሐል የሚያወያየው ሰው «ጆከር» ይባላል፤ እንደ ካርታው ጆከር የየትኛውም ወገን አይደለም።

እኔ እዚህ ውስጥ የገባሁት በስፌት በኩል ነው። ፓርኩ በ2011 ዓ.ም. ሲመረቅ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። በኋላ የ12ኛ ክፍል ውጤት አልመጣልኝ ሲል እዚያው ገብቼ አንድ ዓመት ሰፋሁ። አንዷ ኮሌታ፣ አንዷ እጅጌ ትሰፋለች፤ አንዷ ከዘገየች ከኋላዋ ያለችው እጇን አጣጥፋ ትቀመጣለች። ልምምድ ላይ አርፍጄ የማላውቀው ለዚህ ነው። በማሽን ጩኸት መሐል በእጅና በዓይን መነጋገርንም እዚያ ተምሬያለሁ፤ ማይክ ለሌለው መድረክ ትልቅ ሀብት ነው።

ቤት ውስጥ ግን ነገሩ ከባድ ነበር። እማዬ እንጀራ እየሸጠች ነው እኔንና ሁለት ወንድሞቼን የምታስተዳድረው። ኮሌጅ ስገባ ደሞዜ ቀረ፤ እሑዴን ቴአትር ሲወስደው ደግሞ፣ «ደሞዝም የለው፣ ማርክም የለው፣ ምን የሚሉት ሥራ ነው?» አለችኝ። እውነት ለመናገር መልስ አልነበረኝም። ልተወው ወስኜ፣ የመጨረሻዬን እንድታይ ይዣት ሄድኩ።

የዚያን ቀን የሠራነው ደሞዟን ለቤት ኪራይ፣ ለዕቁብና ለቤተሰብ አካፍላ ለራሷ ምንም ስለማይተርፋት ልጅ ነበር። ልጅቷ እኔ ነኝ። እናትየው ስልክ ደውላ ብር ስትጠይቅ ከወንበሩ መሐል «ይቁም!» የሚል ድምፅ ተሰማ። እማዬ ናት! የልጅቷን ሳይሆን የእናትየዋን ቦታ ነው የፈለገችው። ደንቡ ይህን አይፈቅድም፤ ጆከሩ ተመልካቹን ጠየቀ፣ ሰዉ «ትግባ!» አለ። ስልኩን ያዘችና «ልጄ፣ አንቺ በልተሻል?» አለችኝ።

ቃሌ ጠፋኝ። እኛ በጻፍነው ውስጥ ይህን የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። አንዲት ሌላ እናት ተነስተው፣ «ልጆቹ ቢርባቸውም "ደህና ነን" ነው የሚሉን፤ በምን እንወቅ?» አሉ። ክርክሩ እስኪመሽ ቀጠለ።

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ስለ ሚዛናዊነት በክፍል ስንት ጊዜ ሰምተናል! ያንን ታሪክ ስንሰበስብ ብዙ ልጆችን አነጋግረናል፤ አንዲት እናት ግን አልጠየቅንም። ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ስህተታችን እንዳለ ይቀር ነበር። እዚህ ግን የተዘለለው ሰው ራሱ ተነስቶ «ይቁም!» ይላል። ለእኔ የማኅበረሰብ ቴአትር ትልቁ ጥቅም ይህ ነው።

ቴአትሩን አልተውኩም። ከእማዬ ጋር የተስማማነው ቅዳሜ ማታ ሊጡን እኔ ላቦካ፣ እሑድ ጠዋት አብረን ልንጋግር ነው። ከሰዓት የመድረክ ነው። እናንተም ብቅ በሉ፤ ስትመጡ ግን ዝም ብላችሁ እንዳትቀመጡ።