ሲ፣ ቢ እና ዮ

የእህቴ ልጅ ለክረምት ከአዲስ አበባ አርሲ፣ ሁሩታ መጥታለች። ቡናው እስኪፈላ ደብተሯን ዘርግታ፣ "ጋሼ፣ ይሄ እንደ እኛ 'ከ' እና 'ቢ' የሆነው የፈረንሳይኛ 'ሲ' ሁልጊዜ ያሳስተኛል" አለችኝ። አርሲ ውስጥ ዝናብና ስንዴ ከአፍ አይጠፉምና በእነሱ ጀመርን።

ተስፋ ሲኖረን "ከዘነበ ስንዴው ያድጋል" እንላለን። ፈረንሳዮች "ሲል ፕለ፣ ለ ብሌ ፑስራ" ይላሉ፤ ከ"ሲ" ቀጥሎ የአሁን ጊዜ፣ ከዚያ የወደፊት። ተስፋው ሲሳሳ ደግሞ "ቢዘንብ ስንዴው ያድግ ነበር" እንላለን፤ እነሱም "ሲል ፕለቬ፣ ለ ብሌ ፑስሬ"።

ልጅቷ የምትሳሳተው ለምን እንደሆነ የገባኝ ሁለቱን ጎን ለጎን ስጽፋቸው ነው። ቋንቋዎቹ ተገላቢጦሽ ናቸው! እኛ ተስፋ ላለው ነገር ያለፈውን "ዘነበ"ን እንይዛለን፣ ለሚያጠራጥረው ያላለፈውን "ይዘንብ"ን። ፈረንሳይኛ ለተስፋው የአሁኑን ይይዝና ለሚያጠራጥረው ግሡን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ "ፕለቬ" ለብቻው ሲቆም "ይዘንብ ነበር" ማለት ነው። ኦሮምኛም ከእኛ ጋር ነው፤ ለ"ከዘነበ" "ዮ ሮቤ" ሲል ግሡ ያለፈ ነው። "ዮ" ለብቻዋ ከፊት መቆሟ ግን ከ"ሲ" ጋር ያመሳስላታል።

ሁለተኛው ሐረግ ላይ ደግሞ እንገናኛለን፤ እኔን ከሁሉም የሚያስደስተኝ ይሄ ነው። "ፑስሬ" የተሠራው "ማደግ" በሚለው ግሥ ላይ "ነበረው" የሚለው ያለፈ ግሥ ጅራት ተቀጥሎበት ነው። እኛም "ያድግ" ብለን "ነበር" እንጨምራለን። ስለዚህ "ሬ" ቦታዋ እዚህ ብቻ ነው፤ ከ"ሲ" ጎን አትቀመጥም። ልጅቷ ግን "ሲል ፕለቭሬ" ብላ ጽፋ ነበር።

ላመለጠ ነገር "ዘንቦ ቢሆን ኖሮ" የምንለውን እነሱ "ሲላቬ ፕሉ" ይሉታል፤ በሁለተኛው ሐረግም "ኦሬ ፑሴ" ይከተላል። ምሳሌ ስጠኝ ስትለኝ ባቡሩ ትዝ አለኝ። የጂቡቲው መስመር በአዳማ በኩል አልፎ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ገባ፤ የባቡር መሥሪያ ቤቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር፣ "ለገሃር"ም የፈረንሳይኛው "ላ ጋር" ነው፤ ጣቢያው ማለት። ሁሩታ ግን ከሐዲዱ ውጭ ቀረች።

ልጅቷ ጥቂት አሰበችና ጻፈች፦ "ሲ ለ ትሬን ኤቴ ፓሴ ፓር ሁሩታ፣ ኑ ዞርዮን አንታንዱ ለ ፍራንሴ።" እናቴ ስኒውን እያቀበለች ምን እንደጻፈች ጠየቀቻት።

"እማማ፣ ባቡሩ በሁሩታ አልፎ ቢሆን ኖሮ፣ ፈረንሳይኛ እንሰማ ነበር።"