ሰውነትን ማንቀሳቀስ በጀመርን ሰሞን ሚዛኑ ለምን ይጨምራል?



በ1977 ዓ.ም. ረሀብ በወሎ የእርዳታ ጣቢያዎች ሕፃናት ይመዘኑ የነበረው ክብደታቸው ምን ያህል እንደጎደለ ለማወቅ ነበር። በዚህ አገር «ወፈርክ» መባል ሙገሳ ሆኖ መቆየቱ አያስደንቅም። ዛሬ ግን በላሊበላ ከተማ ወንበር ላይ የሚውል ሠራተኛ ሚዛን ላይ የሚወጣው ስኳርንና የደም ግፊትን ፈርቶ ነው። ከ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ ማለዳ ማለዳ ወደ አሸተን ማርያም ዳገት መውጣት ይጀምራል እንበል። በሦስተኛው ሳምንት ሚዛኑ አንድ ኪሎ ጨምሮ ያገኘዋል፤ «ለእኔ አይሆንም» ብሎም ይተወዋል። የሚያሳስበኝ ይህ መተው ነው፤ የጨመረው በአብዛኛው ውሃ ነውና።

ዳገቱ ያስተነፍሳል፤ ጡንቻን የሚጎዳው ግን ይበልጡን ቁልቁለቱ ነው። ስንወርድ የጭን ጡንቻ ክብደታችንን ተሸክሞ እየተሳበ ስለሚሠራ ጥቃቅን ጉዳት ይደርስበታል፤ ለጥገናው ፈሳሽ ይጠራቀምበታል። በሁለተኛው ቀን ደረጃ መውረድ የሚያስጨንቀን ከዚህ የተነሣ ነው። በተጨማሪም ልምምድ የለመደ ጡንቻ ግላይኮጅን የተባለውን የስኳር ስንቅ አብዝቶ ይይዛል፤ እያንዳንዱ ግራም ደግሞ 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። 150 ግራም ስንቅ ቢጨመር ከነውሃው 600 ግራም ይሆናል። ፕላዝማ የሚባለው የደም ፈሳሽ ክፍልም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይጨምራል፤ ይህም ለልብ ሥራ የሚበጅ ለውጥ ነው።

«ስቡ ወደ ጡንቻ ተለወጠ» የሚለውን ማጽናኛ ግን አልቀበለውም። ስብ ጡንቻ አይሆንም። ጡንቻም ቢሆን በእግር ጉዞ ብቻ በሦስት ሳምንት ኪሎ አይሞላም።

ጭማሪው ሁለትና ሦስት ወር ከዘለቀ፣ ወገብም አብሮ ከሰፋ፣ ምክንያቱን ከማዕድ መፈለግ ይገባል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በአንድ ሰዓት ፈጣን ጉዞ የሚያወጣው ኃይል ከ200 እስከ 300 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው፤ 100 ግራም የገብስ በሶ ከዚህ ይበልጣል። (የጾም ስለሆነ ብቻ ዘይት የበዛበት ሽሮም ቀላል አይሆንም።) ኸርማን ፖንትዘርና ባልደረቦቹ በ2012 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ የታንዛንያ ሐድዛ አዳኞች በቀን የሚያወጡት ጠቅላላ ኃይል፣ የሰውነት መጠን ሲታሰብ፣ ከምዕራባውያን ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ እንቅስቃሴ ልብን ያበረታል፣ ስኳርን ያስተካክላል፤ ክብደትን ለብቻው ይቀንሳል ብሎ መጠበቅ ግን አያዛልቅም።

ስለዚህ የምመክረው በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት ምግብ ሳይቀመስ መመዘንንና ወገብን በሜትር መለካትን ነው። ክብደት በጥቂት ቀናት ውስጥ በፍጥነት ጨምሮ እግር ካበጠ፣ ቁርጭምጭሚት በጣት ሲጫኑት ከጎደጎደ ወይም ተኝቶ መተንፈስ ካስቸገረ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ልብ ወይም ኩላሊት ታሞ ሊሆን ስለሚችል ልምምዱን አቁሞ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል።