ነጭ ጽሑፍ በነጭ ገጽ ላይ

የድረ ገጽን ቀለም፣ የፊደል መጠንና አቀማመጥ የሚወስነው ሲኤስኤስ የተሰኘው ኮድ ነው። አንዳንዶች ግን በጎግል ፍለጋ ቀድመው ለመገኘት ሲሉ ይህንኑ ኮድ ለማታለያ ያውሉታል። ቁልፍ ቃላትን ደጋግመው በነጭ ገጽ ላይ በነጭ ቀለም ይጽፋሉ። ጎብኚው አያያቸውም፤ የፍለጋ ሞተሩ ግን ያነባቸዋል።

ጎግል ይህን ይከለክላል፤ ቅጣቱም ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 የጀርመኑን የቢኤምደብሊው ድረ ገጽ ከፍለጋ ውጤቱ አስወጥቶት ነበር። ድረ ገጹ፣ በጃቫስክሪፕት እየታገዘ፣ ለፍለጋ ሞተሩ በቁልፍ ቃላት የታጨቀ ገጽ አቅርቦ ጎብኚውን ወደ ሌላ ገጽ ይመራ ነበር።

መደበቅ ሁሉ ግን ጥፋት አይደለም። ሲጫኑት የሚዘረጋ ማውጫም ሆነ ለዓይነ ስውራን ስክሪን አንባቢ የተቀመጠ መግለጫ ተገቢ ነው። ድረ ገጽ የሚያሠራ ኃላፊ ባለሙያውን አንድ ነገር ይጠይቅ፦ የተደበቀው ጽሑፍ የተጻፈው ለሰው ነው ወይስ ለጎግል ብቻ?